ትንሹ ፍላሽና የሰው ፊት

(ለሬዲዮ አድማጮች ከቀረበው ንግግር ለአንባቢዎቻችን የተዘጋጀ)



በድሬዳዋ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ጡረታ ወጡ እንበል። ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አዋጥተው ከከዚራ ዛፎች ሥር የመሰናበቻ ግብዣ አደረጉላቸው። ንግግር ተደረገ፤ ስጦታ ተበረከተ፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰበሰቡ። ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል የተላከውም ወጣት አዲሱን ካሜራ ይዞ ከመቶ የሚበልጥ ፎቶግራፍ አነሣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዛውንቱ በሞት ሲለዩ፤ ቤተ ሰቡ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሚያኖረውን አንድ ፎቶግራፍ ፍለጋ የዚያን ቀን ሥዕሎች ይመለከታል። የሚያገኘው ግን ምንድን ነው? ባርኔጣው ይታያል፤ ነጩ ሸሚዝ ይታያል፤ ከበስተኋላ ያለው ግድግዳ በፀሐይ ያበራል፤ ፊት ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን ያለው ጥላ ነው። ዓይኖቻቸው አይታዩም።

ይህ ለምሳሌ ያህል የተነገረ ነው። ነገር ግን ከየቤታችን የተቀመጠውን ፎቶግራፍ አውጥተን ብንመለከት እንዲህ ያለውን የማናገኝ ጥቂቶች ነን። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የካሜራው አይደለም፤ ብርሃንን ወደ ሰው ፊት ለማድረስ ካለመቻል የመጣ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን መስተዋት በሌለው ካሜራ ራስ ላይ ስለሚሰካው ትንሽ ፍላሽ እንነጋገራለን። ፍላሽ የተሠራው ጨለማን ለማባረር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዋናው አገልግሎቱ ግን በቀንም ሆነ በማታ ለሰው ፊት የሚገባውን ብርሃን መስጠት ነው።

አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። ከድሬዳዋ በላይ ባለው ደጋ፤ በሐረር ከተማ፤ ነጋዴ ሆኖ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ካሜራ አስመጥቶ የራሱን መልክ አንሥቶ ነበር። አንዱን በቤቱ ሰገነት፤ አንዱን በቡና ተክል መካከል፤ አንዱን በሙዝ ተክል ውስጥ ሆኖ ያነሣው ሲሆን፤ ሦስቱም የተነሡት በቀን ብርሃን ከቤት ውጭ ነው። በዚያን ጊዜ ለፎቶግራፍ አንሺው ዋናው ብርሃን ፀሐይ ነበረና። ድሬዳዋም ገና አልተቆረቆረችም፤ ከተማ የሆነችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ ነው።

ራምቦ ሥዕሎቹን ካነሣ ከአራት ዓመት በኋላ፤ ማለት በ1887፤ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ማግኒዚየም ያለበትን ተቀጣጣይ ዱቄት አዘጋጁ። ይህም ዱቄት በቅጽበት ነድዶ ታላቅ ብርሃን ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን ጢሱና አደጋው ብዙ ነበር። በ1929 በጀርመን አገር በብርጭቆ አምፑል ውስጥ የሚነድደው ፍላሽ ለገበያ ቀረበ፤ እርሱም አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል ነበር። በ1931 ደግሞ አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ ውስጥ ኤሌክትሪክ በቅጽበት እያሳለፈ ደጋግሞ የሚያበራውን መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ትንሽ ፍላሽ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

አሁን ደግሞ መስተዋት የሌለው ካሜራ ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። በቀድሞው ትልቅ ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልስ መስተዋት ነበረ፤ ፎቶግራፉ ሲነሣ መስተዋቱ ብድግ ይላል። በአዲሱ ካሜራ መስተዋቱ ቀርቶ ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰር ከተባለው ብርሃን ተቀባይ ላይ ያርፋል፤ እኛም የምናየው ሴንሰሩ ያየውን በትንሽ ስክሪን ነው። ፓናሶኒክ በ2008 ጂ 1 የተባለውን ካሜራ ካወጣ ወዲህ ይህ ዓይነት እየተስፋፋ ሄዶ፤ በ2018 ካኖንና ኒኮንም ትልቅ ሴንሰር ያለውን መስተዋት አልባ ካሜራ አቀረቡ። መስተዋቱ በመቅረቱ ካሜራው ትንሽና ቀላል ሆነ። ነገር ግን ብዙዎቹ አብሯቸው የተሠራ ፍላሽ የላቸውም፤ ስለዚህ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

ሲገዛ ሁለት ነገር ይታይ። አንደኛው፤ የፍላሹ ራስ ወደ ላይ የሚቃናና ወደ ጎንም የሚዞር ይሁን። ወደ ፊት ብቻ የሚያበራ ፍላሽ ዋጋው ቢረክስም አገልግሎቱ ግማሽ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን። ሁለተኛው፤ የተሠራው ለካሜራችሁ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በካሜራው ራስ ላይ ባለው ማቀፊያ ውስጥ የሚገኙት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች በየፋብሪካው ይለያያሉ። ለምሳሌ ጎዶክስ ቲ.ቲ. 350 የተባለው ትንሽ ፍላሽ ለሶኒ፤ ለካኖን፤ ለኒኮንና ለሌሎችም በየስሙ ተለይቶ ይሠራል። ከአሮጌ ዕቃ መካከል የተገኘውን የቀድሞ ዘመን ፍላሽ ግን ሳትመረምሩ በአዲሱ ካሜራ ላይ አትስኩ። አንዳንዱ አሮጌ ፍላሽ በመገናኛው ላይ የሚልከው ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ስለ ሆነ ካሜራውን ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የነገሩን ሁሉ መሠረት እንናገር። በፍላሽ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በእውነቱ ሁለት ብርሃን ያለበት ነው፤ አንዱ በሥፍራው የነበረው የፀሐይ ወይም የአምፑል ብርሃን፤ ሁለተኛው የፍላሹ ብልጭታ። ይህን ለመረዳት ባልዲን እናስብ። ከቧንቧው ሥር ባልዲ ብናኖር፤ ብዙ በቆየ ቁጥር ብዙ ውሃ ይገባበታል። በመካከሉ ግን አንድ ሰው ከጆግ ሙሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ቢገለብጥበት፤ ባልዲው ቢቆይም ባይቆይም የጆጉ ውሃ ያው ነው። የቧንቧው ውሃ የሥፍራው ብርሃን ነው፤ የጆጉ ውሃ የፍላሹ ብልጭታ ነው፤ ባልዲው የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ የካሜራው መዝጊያ፤ ማለት ሻተሩ፤ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የፍላሹ ብልጭታ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ሻተሩ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ አይለወጥም። ስለዚህ ከበስተኋላ ያለው ነገር እንዲደምቅ የፈለገ ሻተሩን ያዘግይ፤ እንዲደበዝዝ የፈለገ ያፍጥን። የሌንሱ ቀዳዳና አይ.ኤስ.ኦ. የተባለው መጠን ግን ሁለቱንም ብርሃን አንድ ላይ ይለውጣሉ።

ይሁን እንጂ ሻተሩን እንደ ወደድን ማፍጠን አይቻልም። የሻተሩ መጋረጃዎች የሚሄዱት አንዱ ሌላውን እየተከተለ ስለ ሆነ፤ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሴንሰሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ይህ ወሰን በብዙዎቹ ካሜራዎች ከ1/160 እስከ 1/250 ሴኮንድ ነው። ወሰኑ ቢታለፍ የፎቶግራፉ አንድ ክፍል በጥቁር ተሸፍኖ ይወጣል። ወሰኑን ለማለፍ የሚያስችል ልዩ የፍላሽ አሠራር አለ፤ ነገር ግን የብርሃኑን ኃይል በብዙ ስለሚቀንስ ለትንሽ ፍላሽ አቅሙ ያንሰዋል።

እንግዲህ ወደ አዛውንቱ ግብዣ እንመለስ። ጊዜው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ማለት በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ገደማ፤ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትቆማለች። በዚያን ሰዓት የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ነው። ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፤ ዓይን ግን በቅንድብ ጥላ ውስጥ ይቀበራል፤ ባርኔጣ ከተደረገም ፊት ሁሉ ይጨልማል። ፍላሽ በቀትር ምን ያደርጋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይህ ነው፤ ፍላሽ ከማታ ይልቅ በቀትር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

በእንዲህ ያለ ፀሐይ አይ.ኤስ.ኦ. 100፤ ሻተር 1/200 ሴኮንድ፤ የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 11 ገደማ ለሥፍራው ብርሃን ተስማሚ ይሆናል። ፍላሹ ምን ያህል ይደርሳል? በፍላሹ መግለጫ ላይ የኃይሉ ቁጥር ተጽፏል። ከላይ በስም የጠቀስነው ፍላሽ ቁጥሩ በአይ.ኤስ.ኦ. 100 በሜትር ሲለካ 36 ነው። ይህን ቁጥር በቀዳዳው ቁጥር ስናካፍለው ርቀቱ ይገኛል፤ 36 ለ11 ሲካፈል 3 ሜትር ከጥቂት ነው። ነገር ግን 36 የተባለው ብርሃኑ ወደ አንድ ጠባብ አቅጣጫ ሲሰበሰብ የተለካ ነው፤ ለሰፊ ሥዕል ሲበተን ከዚህ ያንሳል። ብርሃንም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ትንሹ ፍላሽ የሚረዳው በቅርብ ለቆሙ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዎች ነው። የፍላሹንም ኃይል አንድ እርከን ያህል ዝቅ ብታደርጉት ፊቱ የተፈጥሮ መልኩን ይዞ ይወጣል፤ ፍላሽ እንደ በራ እንኳ ተመልካቹ አያውቅም።

አርባ ሠራተኛ በአንድነት ተሰልፎ ሲነሣ ግን በትንሹ ፍላሽ መታመን ከንቱ ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉንም ወደ አንድ ወጥ ጥላ ማስገባት ይሻላል። ከበስተኋላቸው ያለውም በፀሐይ የሚያበራ አደባባይ ሳይሆን እርሱም ጥላ የሆነ ይሁን። ከቅጠል መካከል እየሾለከ ፊትን የሚያዥጎረጉር ፀሐይ ካለም ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ፀሐይ ጠልቃ እንግዶቹ ወደ አዳራሽ ሲገቡ ሥራው ይለወጣል። ፍላሹን በቀጥታ ወደ ፊት ብናበራ ብርሃኑ ከትንሽ ቦታ የመጣ ስለ ሆነ ከሰውየው በስተኋላ በግድግዳው ላይ ደረቅ ጥላ ይጥላል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት አገርም በፊት ላይ ያለውን ወዝና ላብ ያንጸባርቃል። ፍላሹ ለሌንሱ ቅርብ በመሆኑም ዓይን ቀይ ሆኖ ይወጣል። መድኃኒቱ የፍላሹን ራስ ከሰውየው ላይ መመለስ ነው። ወደ ነጭ ኮርኒስ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ስናዞረው፤ ግድግዳው ሁሉ እንደ ትልቅ መስኮት ሆኖ ብርሃኑን አለስልሶ ይመልሰዋል። የሚዞር ራስ ያለውን ግዙ ያልነው ስለዚህ ነው።

በዚህም ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልክ ከሰውየው በላይ ወዳለው ኮርኒስ ብናበራ የቀትሩን ፀሐይ ደግመን ሠራን ማለት ነው፤ ዓይን እንደ ገና ይጨልማል። ስለዚህ ወደ ጎንና ጥቂት ወደ ኋላ ማዞር ይመረጣል። ካሜራው በቁመት ሲያዝም የፍላሹ ራስ አብሮ መዞሩን አትርሱ። ከፍላሹ ራስ በስተኋላ አንድ ቁራጭ ነጭ ወረቀት በላስቲክ ብታስሩበት፤ ጥቂት ብርሃን ወደ ፊት ይመልስና በዓይን ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ያኖራል። ነጭ ወረቀት ደግሞ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። ግድግዳው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ ቀለሙን ይዞ ተመልሶ ሰውን የታመመ ያስመስለዋል፤ በዚያን ጊዜ ነጭ የሆነውን ኮርኒስ ፈልጉ። ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አይ.ኤስ.ኦ.ን ወደ 800፤ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4፤ ሻተሩን ወደ 1/80 ሴኮንድ አድርጎ መጀመር ጥሩ ነው። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ከሆነ አይ.ኤስ.ኦ.ን ጨምሩ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር። ካሜራና ፍላሽ እየተነጋገሩ የብርሃኑን መጠን ራሳቸው የሚወስኑበት ቲ.ቲ.ኤል. የሚባል አሠራር አለ። ይህ አሠራር በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚገምት ነው። አንዲት እናት ነጭ ቀሚስ ለብሰው፤ ነጭ ነጠላ አጣፍተው በካሜራው ፊት ሲቀመጡ፤ መሣሪያው ብዙ ነጭ ስላየ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፤ የእናቲቱም የጠይም ፊት ይጨልማል። ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ሲነሣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ብርሃኑ ይጨምርና ፊቱ ይነጣል። ዛሬ ብዙ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ቢያውቁም ስሕተቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ስለዚህ በፍላሹ ወይም በካሜራው ላይ ያለውን ማስተካከያ ለነጭ ልብስ ከግማሽ እስከ አንድ እርከን ከፍ፤ ለጥቁር ልብስ በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በሠርግም ቀን ሙሽራዋንና ሙሽራውን አንድ ላይ ስታነሡ ልብሳቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልክታችሁ ወስኑ።

ይህ ነገር ታሪክ አለው። በ20ኛው መቶ ዓመት በኤውሮፓና በአሜሪካ የቀለም ፎቶግራፍ ሲስተካከል፤ ለማመሳከሪያ የሚያገለግለው ካርድ ብዙ ጊዜ የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል የነበረበት ነው። የጠቆረ ቆዳ በዚያ ሚዛን ሲለካ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ዛሬ መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል፤ ቢሆንም ለፊታችን የሚገባውን ብርሃን የምናውቀው እኛው ራሳችን ነን እንጂ መሣሪያው ብቻ አይደለም።

መስተዋት በሌለው ካሜራ ላይ ጀማሪን የሚያስደነግጡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ሻተር ከተመረጠ ፍላሹ በብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ አይበራም። ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ከመሮጥ በፊት ሻተሩን ወደ ሜካኒካል መመለስ ይገባል። ሁለተኛ፤ ካሜራው የሚነሣውን ሥዕል አስቀድሞ በስክሪኑ ስለሚያሳይ፤ ለፍላሽ ብለን ሻተሩንና ቀዳዳውን በእጃችን ስንወስን ስክሪኑ ይጨልማል፤ የሚመጣውን ብልጭታ አያውቅምና። ይህን ቅድመ ትርዒት ከካሜራው ምርጫዎች መካከል ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፤ በቀድሞ ፍላሾች ላይ በጨለማ ለማነጣጠር የሚረዳው ቀይ መብራት መስተዋት አልባውን ካሜራ ብዙ ጊዜ አይረዳውም። ስለዚህ በማታ የሰውየውን ዓይን ጥቂት ብርሃን ባለበት ቦታ ላይ አነጣጥሩ።

ስለ ባትሪ ድንጋይም አንድ ቃል እንጨምር። ትንሹ ፍላሽ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ነው። እየተሞላ የሚያገለግለው የኒኬል ድንጋይ ከተራው ይልቅ ፍላሹን ቶሎ ቶሎ ያዘጋጃል፤ ሁለት ተጨማሪ ድንጋዮች በኪስ መያዝም ሙሉ ዝግጅት ነው። ሙሉ ኃይል አከታትሎ ማብራት ፍላሹን ያግለዋልና በመካከሉ አሳርፉት። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥም አትተዉት። ለብዙ ሳምንት የማትሠሩበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ፤ ውስጡ ቢፈስ መገናኛውን ይበላዋልና።

በመጨረሻም ፍላሽ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላው ሰው ዓይን የሚገባ ነገርም መሆኑን አንርሳ። በቤተ ክርስቲያን፤ በመስጊድና በለቅሶ ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁ ማብራት ነውር ነው። በከፊራ ገበያ የተቀመጠችውም ነጋዴ ፊቷ የራሷ ነው፤ አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የመሥሪያ ቤታችሁ ግብዣ ካሜራው በእጃችሁ የወደቀ እንደ ሆነ፤ ሥራችሁን ከመፈጸማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በዕድሜ የገፉትን እንግዳ ሥዕል በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ዓይናቸውን ፈልጉ። የታየ እንደ ሆነ መልካም ነው። ያልታየ እንደ ሆነ ግን «አባባ፤ እባክዎ አንድ ጊዜ ወደዚህ ይመልከቱ» ብላችሁ፤ ፍላሹን አዙራችሁ እንደ ገና አንሡ። እርሳቸው ገና ከወንበራቸው አልተነሡም።